በክረምት መኪና ውስጥ እያደሩ ወደ ጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ አልጋ የተገጠመለት አሮጌ አባዱላ ይዤ እዞራለሁ። የኋላ ወንበሮቹን አስወጥቼ በቦታቸው የጣውላ አልጋ፣ አንድ የዕቃ ሳጥንና ሁለት የውሃ ጀሪካን አስገብቻለሁ። ያየኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ቤት የለህም እንዴ?” ብሎ ነው። ከሳቅን በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ግን ቁም ነገር ናቸው፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ። ደጋግሜ የተጠየቅኳቸውን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ክረምት ስትል ዝናቡን ነው ወይስ ብርዱን?

ሁለቱንም ነው፤ ግን አብረው አይመጡም። በአቆጣጠራችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የጅማ ሰማይ ግን ቀን መቁጠሪያ አያነብም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ሌሊት የሚመጣው ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። ደመናው ሲገፈፍ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይሄዳል። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ካላችሁኝ ደረቁ ብርድ ይሻላል። እሱን በቡልኮ ትገላገሉታላችሁ። የክረምቱ ችግር እርጥበት ነው። ፍራሽ ውስጥ ይገባል፣ የመኪና ሽቦ ውስጥ ይገባል፣ ናፍጣ ውስጥ ይገባል። እዚህ የጻፍኩት በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

የውጭ ቪዲዮዎች “የውሃ ቧንቧችሁን አሙቁ” ይላሉ። ማሞቂያውን ልግዛ?

አትግዙ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ይበርዳል እንጂ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሆኖ አያድርም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቧንቧ ይሰነጥቃል። ካናዳ ውስጥ የቤት መኪና ያላቸው ሰዎች እንቅልፍ የሚያጡት ለዚህ ነው። ናፍጣ እንደ ሰም የሚረጋውም እዚያ ነው። ቡቴን ጋዝ ደግሞ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ምድጃቸው እምቢ ይላቸዋል። የኛ ሲሊንደር ነሐሴም ታኅሣሥም ይነድዳል።

ያንን ገንዘብ ለዝናብ መጥረጊያ ላስቲክ፣ ለደህና ባትሪና ጥርሱ ላላለቀ ጎማ አውሉት።

ያን ያህል ካልበረደ ታዲያ ለምን ስንቀጠቀጥ አደርኩ?

መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጋችሁ ስለዘጋችሁ ነው። ጀማሪ ሁሉ ይሄን ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያው አዳሬ ጅማ ከመግባታችሁ በፊት የምትገኘው ሰርቦ አጠገብ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ እኔ ጋቢዬን ተጠቅልዬ ደስ ብሎኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ አለብኝ። ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ በእጅ ባትሪ ቀዳዳ ፍለጋ ጀመርኩ። ቀዳዳ የለም። የራሴ ትንፋሽ ነው። ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ተሰብስቦ መልሶ ይዘንብብኛል። ጠዋት መስታወቱን የጠረግኩበትን ፎጣ ስጨምቀው አንድ የቡና ሲኒ ሞላ። የጋቢዬ ጠርዝ ርሷል። ፍራሹን ሳነሳው ከታች በኩል ላብ እንዳላበው ሰው ጀርባ ወርዝቷል።

ስለዚህ ሁለት መስኮት፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ፣ አንድ ጣት ያህል ክፈቱ። ብርድ ይገባል ብላችሁ አትፍሩ፤ ደረቅ ሆኖ መብረድ እርጥብ ሆኖ ከመሞቅ ይሻላል። ክፍተቱ ላይ ቁራጭ የአጎበር ጨርቅ ለጥፉበት፣ አለበለዚያ ትንኝ ይጫወትባችኋል። የራሰ ጫማና ዣንጥላ ውስጥ አያድርም፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ ከመኪናው ሥር አስቀምጡት። ማታ ውስጥ ድስት አትጣዱ፤ እንፋሎቱ በሙሉ ግድግዳው ላይ ነው የሚያድረው።

ሌላው፣ ብርድ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ከታች ስስ ስፖንጅ ላይ የሚተኙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ጣውላዎቹን አራርቄ ነው የመታኋቸው፤ በመሃላቸው አየር ያልፋል። ከዚያ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ላይ ሰሌን፣ ከዚያ ፍራሽ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲ ለይታችሁ ያዙ፤ ቀን አትልበሱት። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በሹራብ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። የፈላ ውሃ ግን አትሙሉበት፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። እኔ አንዴ ሞልቼበት ፍራሼን አጥቤዋለሁ።

ከሰል አቀጣጥዬ ትንሽ ባሞቀውስ?

አይሆንም። ፍሙ ነጭ ለብሶ ጭሱ ቢያቆምም አይሆንም። “መስኮት ከፍቻለሁ” ማለትም አያድንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚያነቃችሁ ነገር የለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከተሰማችሁ ወዲያው በሩን በርግዳችሁ ውጡ፣ ሌላውንም ጎትታችሁ አውጡ። በከሰል ጭስ ስለሞተ ሰው ሰምቶ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መኪና ደግሞ ከየትኛውም ክፍል የጠበበ ነው።

ጅማ ላይ ሆኖ ቡና ሳይፈላ አይታደርም፣ ገብቶኛል። ከውጭ ሸራ ወጥራችሁ እሱ ሥር አፍሉት። ከሰሉም እዚያው ይደር።

ሞተሩን አስነስቼ በመኪናው ማሞቂያ ብተኛስ?

መልሱ ያው ነው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጭቃ ወይም ረጅም ሣር ውስጥ ከገባ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከወለሉ ሥር ይሰበሰባል። ከመቆማችሁ በፊት እየነዳችሁ አሙቁትና አጥፍታችሁ ተኙ።

ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ መንገዱ በክረምት ምን ይመስላል?

ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከወጣችሁና መኪናው ካላስቸገረ ከሰዓት በኋላ ትገባላችሁ። ለምሳ የሚቸኩል ሰው በክረምት ይህንን መንገድ ባይነዳ ይሻላል።

ሰበታን ካለፋችሁ በኋላ የበቾ ሜዳ አለ። ለዓይን ደስ ይላል፣ ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ መንገዱም ሜዳ ነው። ተንኮሉ ከአስፋልቱ ጠርዝ ይጀምራል። አፈሩ መረሬ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይሆናል። “ለፎቶ አንዴ ልውረድ” ብሎ ጎማውን ከአስፋልት ያወጣ ሰው በበሬ ሲጎተት አይቻለሁ። መቆም ካለባችሁ ቱሉ ቦሎ ወይም ወሊሶ ደርሳችሁ ቁሙ።

ከወልቂጤ በኋላ ዋናው ነገር ይመጣል፤ የጊቤ ወንዝ። ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ከነበራችሁበት 1,100 ሜትር ገደማ ወዳለው ድልድይ ትወርዳላችሁ። ጃኬት ለብሳችሁ የጀመራችሁትን ቁልቁለት በሸሚዝ ትጨርሱታላችሁ። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ወደ አበልቲ የሚወጣው አቀበት ይጠብቃችኋል። አንድ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሬኑም ራዲያተሩም የሚፈተንበት ቦታ ይሄ ነው።

ቁልቁለቱን በፍሬን አትውረዱት፣ በማርሽ ውረዱት። አቀበት ብትወጡበት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱ የሚባለው የድሮ ሹፌሮች ሕግ ዛሬም ይሠራል። ፍሬን ረግጣችሁ ከያዛችሁት የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ያ የእናንተ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ይቀዝቅዝ። የጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ አትድፉበት። ዝናብ በበረታ ጊዜ ከዳገቱ ድንጋይና አፈር ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ከኩርባው ማዶ ምን እንዳለ አታውቁም፣ ስለዚህ ቀስ በሉ።

ከአበልቲ በኋላ ሰኮሩ፣ ደነባ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያላችሁ ጅማ ትገባላችሁ። ደጋው ላይ ጉም ከወረደ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ጉሙ መልሶ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚያበራው። አጭሩን አብርታችሁ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ተከተሉ።

ሌሊት አትንዱ። ከመነሳታችሁ በፊትም ከዚያው መስመር የመጣ ሹፌር ፈልጋችሁ “መንገዱ እንዴት ነው?” በሉ። መናኸሪያ በር ላይ ከቆመ ረዳት የተሻለ ዜና የሚነግራችሁ የለም።

አቀበት ላይ ሞተሩ ቢፈላብኝ ምን ላድርግ?

ከመፍላቱ በፊት መርፌው ይናገራል። ከተለመደው ቦታ ከፍ ማለት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ላብ ያጠምቃችኋል፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙ።

ይህንን የተማርኩት በራሴ ደርሶብኝ ነው። ነሐሴ ላይ ወደ አበልቲ እየወጣሁ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ለዚሁ ጉዞ ብዬ አንድ ጋራዥ የራዲያተሩን ቱቦ አስቀይሬ ነበር። ከፍቼ ሳየው በፋሼታ (ቱቦ በሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) ፈንታ ሽቦ ጠምዝዘው አስረውታል። ሽቦው ላስቲኩን ቀስ እያለ በልቶት ጫፉ እንደ ከንፈር ተከፍቷል። ንዴቴ ሊገለኝ ነው። በንዴቴም የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ዘረጋሁ።

“ተው! ፊትህን አትፈልገውም?”

ከኋላዬ የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ካፊያው ላይ ቆሞ፣ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ። ክዳኑን ያኔ ብከፍተው የፈላው ውሃ በግፊት ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር። “ቁጭ በል” አለኝ፤ ቁጭ አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በላይ የኔን ቆሎ እየቆረጠምን የእሱን የመንገድ ወሬ ሰማሁ። ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ በጥቂቱ አዞረው፤ ፍስስ አለ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ ከፈተው። የቱቦውን የተቀደደ ጫፍ በቢላ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ጣለው፣ የቀረውን ገፍቶ አስገባው፣ ከራሱ ዕቃ ሳጥን ፋሼታ አውጥቶ አጠበቀው። ቱቦው የተቀደደው መሃሉ ላይ ቢሆን ኖሮ በካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ጠቅልለን እናስረው እንደነበር ነገረኝ። የኔ ጀሪካኖች ባዶ ነበሩ፤ አፍሬያለሁ። ከራሱ ሦስት ሃይላንድ ውሃ አምጥቶ ሞተሩ እየሠራ ቀስ በቀስ ጨመረበት። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ላይ በአንዴ ከተደፋ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ራዲያተር ውሃ አንድ ነገር ልጨምር። ፀረ-በረዶ ፈሳሽ ስሙ አሳስቶን “እኛ ጋ በረዶ የለም” ብለን የምንጥለው ነገር ነው። ሥራው ግን በረዶን መከላከል ብቻ አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ጅማ ከፍታ ላይ ተራ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የወንዝ ውሃ በችግር ጊዜ ይጨመር፤ ቤት ስትደርሱ ግን አስወጥታችሁ እጠቡት።

ጠዋት መኪናው አልነሳ አለኝ። ብርዱ ነው?

ብርዱ ያግዛል እንጂ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ማታ ሲበራ ያመሸው አምፖል ወይም ስልክ ቻርጀር ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው የቀረው። የደከመ ባትሪ በብርድ ጠዋት ይብስበታል። ለአምፖልና ለስልክ ሁለተኛ ባትሪ ለይታችሁ ብታስገቡ ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

የባትሪውን ጫፎች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ቁልፍ ስታዞሩ “ቀጭ” ብሎ ዝም ካለ ባትሪው ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ካልነሳ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ናፍጣ ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ የምትመስለው ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠብቃችሁ አስነሱ። በክረምት ናፍጣ ውስጥ ውሃም ይገባል፤ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ትንሽ ከፍታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉት። ውሃ ካለበት ከሥር ለብቻው ይዘቅጣል።

ማርሹ የእጅ ከሆነ ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ሲንከባለል መልቀቅ። ጅማ ላይ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። አውቶማቲክ ከሆነ በባትሪ ኬብል ከሌላ መኪና ተዋሱ።

ስለ ጎማስ?

ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ጎማው 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ለእርጥብ አስፋልት ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

ጎሚስታ በየከተማው መግቢያ አለ። አሮጌ ጎማ ተሰቅሎ ወይም ተደርድሮ ካያችሁ እሱ ነው። ችግሩ በሁለት ከተማ መሃል ሲሆን ነው። አባዱላ ያላችሁ ስሙኝ፦ ስኮርት (ተለዋጭ) ጎማው ከኋላ ከሥር ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ማውረጃው በጭቃ ተደፍኖ ዝጎ ሊቆይ ይችላል። ቤታችሁ በር ላይ አንዴ አውርዳችሁ ግሪስ ቀብታችሁ መልሱት። በዝናብ፣ በጀርባ ጭቃ ላይ ተኝቶ፣ የማይዞር ነገር ማዞር የሚያስወጣውን ቃል እዚህ መጻፍ አልችልም።

የጎማውን ዳዶዎች (ማሰሪያ ብሎኖች) መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሏቸው፤ ከዚያ ነው ክሪክ የሚገባው። ክሪኩ ሥር ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጉ፣ ያለዚያ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ይሰምጣል።

ጎርፍ መንገዱን ቢዘጋው ልለፍ?

ጠብቁ። የክረምት ጎርፍ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ትንሽ ከሆነና ሌላ መኪና ሲያልፍ ካያችሁ፣ ውሃውም ከጎማው ግማሽ በታች ከሆነ፣ በአንደኛ ማርሽ ሳትቆሙ እለፉ። ማዶ ስትደርሱ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁት። ውሃ መሃል ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ መልሳችሁ አታስነሱት። ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ቢየላውን (ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ) ያጣምመዋል። ጎትተው ያውጧችሁ።

ከአስፋልት ወጥታችሁ ወደ ቡና ገበሬዎች መንደር ከገባችሁ ቀዩን ጭቃ ታገኙታላችሁ። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ነዳጅ መስጠት አቁሙ፤ እየቆፈራችሁ ነው። የጎማ ንፋስ ትንሽ ቀንሱ፣ ቅጠልና ጆንያ ከጎማው ፊት ጎዝጉዙ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ምን ምን ዕቃ ልያዝ?

ሳጥኔን ልንገራችሁ፤ የጎደለውን እናንተ ጨምሩ። የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ። ሦስት ዓይነት ፋሼታ (ከአበልቲ በኋላ የገባ)። አንድ ትርፍ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)፤ የድሮውን ስትቀይሩ አትጣሉት፣ መለዋወጫ ይሆናል። የካላማዳሪ ቁራጭ፣ ፕላስተር፣ ሽቦ። ፊውዝ። የሞተር ዘይት 1 ሊትር። 20 ሊትር ውሃ፣ ሁልጊዜ ሙሉ። መጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ። የዝናብ ልብስም፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ለሆድ በሶና ቆሎ። በሶ በማር ተበጥብጦ የማያስነሳው ሹፌር የለም።

ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ተከፍሎ ነው። የስልክ ባትሪ አልቆ ሙሉ ማደያ ፊት በባዶ ታንክ መቆም አለ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የት ልደር?

ሜዳ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ። ወሊሶ፣ ወልቂጤና ጅማ ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ለመኪና ማቆሚያና ለመታጠቢያ ከፍላችሁ መኪናችሁ ውስጥ ትተኛላችሁ። ባለቤቱ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ለዘበኛው ማታውኑ ንገሩት፤ አንዱ አባባ ሌሊት መስኮቴን በዱላ ያንኳኩት ሌባ ገብቷል ብለው ነው። ጠዋት ቡና ጋብዣቸው ታረቅን።

ጊቤ ዳር አትደሩ። ሙቀቱ ያማልላል፣ ግን ቆላ ነው፤ ወባ አለ። የግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያም እንደዚያው ነው። ወባ የሚበረታው ዝናቡ ማባራት ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አጎበር ያዙ። ጅማ ዳር ያለው ቦዬም ውሃው ያምራል፣ ጉማሬ ግን አለበት። ማታ ከውሃው የሚወጣ እንስሳ ነውና ቀን አይታችሁ ሂዱ።

መንገድ ላይ ተበላሽቼ ስቆም ምን ምልክት ላድርግ?

ሦስት ማዕዘኗን ምልክት ርቃ እንድትታይ ከኋላ አስቀምጡ፤ ኩርባ ከሆነ ከኩርባው በፊት። ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብሩ። ምልክቷ ከሌለች ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አንጥፉ። ድንጋይም ይደረደራል፤ እሺ፣ ግን ስትሄዱ አንሱት! የራሱን መኪና ጠግኖ ድንጋዩን መሃል አስፋልት ትቶ የሚሄድ ሰው ላይ ያለኝ ቅሬታ ገደብ የለውም። ማታ የሚመጣው ሰው በምን ያውቃል?

መኪናዬን ወደ ማደሪያ ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወንበር ከማስወጣታችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ከምትከራከሩ ቀድሞ መጠየቅ ይቀላል።

አፋን ኦሮሞ አልችልም። ችግር አለው?

የለውም፤ ጅማ ውስጥ በአማርኛ ትግባባላችሁ። ገጠር ስትወጡ “ቢሻን” ውሃ ነው፣ “ገላቶማ” አመሰግናለሁ ነው። በሁለቱ ብቻ ራዲያተሬን ሞልቼ አውቃለሁ።

መንገድ ላይ ለረዳኝ ሰው ልክፈል?

ለገፉ ልጆች የሻይ ስጡ። መካኒክ ከከተማ ካስመጣችሁ ከመነሳቱ በፊት ተነጋገሩ። የጭነት ሹፌሮች ግን ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። የአበልቲው ሰውዬ ብር ሳወጣ እጄን ገፍቶ መለሰው። ይቅርታ እያልኩ ወደ ወንበሬ ገብቼ ልነሳ ስል መስኮቴን አንኳኳ። ሐሳቡን የቀየረ መስሎኝ ብሩን እንደገና አወጣሁ።

“ሃይላንዶቼን” አለኝ። “ጊቤ ስወርድ እሞላቸዋለሁ።”